የላይኛው አልጋ

ሳምፓሎክ፣ ማኒላ
ሴፕቴምበር 20፣ 1992

ማናንግ ፐርላ፣

ታላቅ እህቴ፣ ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ይቅርታሽን ልጠይቅ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ያልመለስኩልሽ ረስቼሽ አይደለም፤ እዚህ መብራት በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ይጠፋል፤ እኔ ከሥራ የምገባው ደግሞ ልክ ሲጠፋ ነው። ከተማው በሙሉ እንዲህ ስለሆነ እኔን ለይቶ በደለኝ አልልም። የእናታችንን፣ የናናይን እጅ ስለ እኔ ግንባርሽ ላይ አሳርፈሽ ምርቃቷን ተቀበዪልኝ። ልጆቹን ስሚልኝ፤ ትንሹን ደጋግመሽ።

አዎ፣ እበላለሁ። አልከሳሁም፤ ፎቶው ነው እንደዚያ ያሳየኝ። ሥራውም ተገኝቷል። የማስተማር አይደለም፤ የመምህርነቱ ወረፋ ረጅም ስለሆነ ስሜን አስገብቼ እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያው አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ የልጆች ጫማ ክፍል ተቀጥሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ የሕፃናት እግር እለካለሁ። ለናናይ «ከልጆች ጋር ትሠራለች» ብትያት ውሸት አይሆንብሽም።

ስለ ቤቱ ጠይቀሽኛል። ድሮ የተሠራ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። መስኮቶቹ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን በቀጭን የዛጎል ቅርፊት የተሸፈኑ ናቸው። ደረጃው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስወጣል። ወደ ውጭ ስታዪ የማንጎ ዛፍ አለ። የቤቱ ባለቤት አሊንግ ቻሪንግ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ንጽሕና የሚወዱ ሴትዮ ናቸው።

ሮዌና ትምህርቷን እንደገፋችበት መስማቴ ደስ አሰኝቶኛል። ልጅሽ የማን የእህት ልጅ ሆና ነው! ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ እኔ ጋ ትምጣ። ቤቱ ሰፊ ነው።

ሻማው እያለቀ ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው።
ታናሽሽ ኤደሊና

—

ካዋያን፣ አንቲኬ
ኦክቶበር 18፣ 1992

ኢንዳይ ኤደሊና፣

ደብዳቤሽን ለናናይ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ተሳስቻለሁ። ሳልጨርስ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ማታ ላይ መንደሩ በሙሉ አንቺ ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ እንደምትኖሪ ያውቅ ነበር። የዓሣ ነጋዴዋ ቶናይ «ሙሉውን ነው የያዘችው?» ብላ ብትጠይቃት ናናይ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ታዲያ ግማሽ ቤት የት አይተሻል?» አለቻት። አሁን በየቀኑ ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኛል፤ የቶናይ ባል ማኒላ ሲሄድ አንቺ ጋ አርፎ ሐኪም ቤት ለመሄድ አስቧል። እኔ እንጃ ብያለሁ።

ስለ ማዕበሉ በሬዲዮ ሰምተሽ በኋላ በላክሽው ካርድ መጠየቅሽ ተገቢ ነው። ደህና ነን። የባሌ የዳዶ ጀልባም ደህና ናት። እንግዲህ ስለ ጀልባ አታንሺ።

ስለ ሮዌና ላልሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አንቺ ራስሽ ገና መግባትሽ ነው፤ ሰው አሸክመንሽ አናስጨንቅሽም። እዚሁ አንድ ነገር እናደርጋለን።

ከደሞዝሽ ለእኛ ከመላክሽ በፊት ለራስሽ ጥሩ ጫማ ግዢ። የሰው እግር ስትለኪ የራስሽን እንዳትረሺ።
ፐርላ

—

ሳምፓሎክ፣ ማኒላ
ዲሴምበር 29፣ 1992

ማናንግ ፐርላ፣

ለገና አለመምጣቴን ናናይ እንዴት አድርጋ እንደተቀበለችው አልጻፍሽልኝም። ስላልጻፍሽው ገብቶኛል። ፈቃድ ጠይቄ ነበር። አለቃዬ «ገና እኮ የሚሸጥበት ወቅት ነው፤ ሰው በገና ቤቱ ይሄዳል እንዴ?» አለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። አልነበረም።

እግሬን ጠይቀሻል። መደብሩ ውስጥ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ገዢ ባይኖርም። ባለ ተረከዝ ጫማና ስቶኪንግ ግዴታ ነው። ስለዚህ ሌላ ጫማ መግዛቱ አይረዳኝም፤ ምክርሽን ግን ተቀብያለሁ።

ብዙ ሰው ያነጋግረኛል፣ ግን ብዙ አላወራም። አፌን ስከፍት ከየት እንደመጣሁ ይታወቃል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቲማቲም ስመርጥ ሻጯ «እመቤትሽ ስንት ኪሎ አለችሽ?» አለችኝ። ዲግሪ እንዳለኝ ልነግራት አሰብኩ። ከዚያ ግማሽ ኪሎ አልኳትና ሄድኩ። አብራኝ የምትሠራው ጊና ደግሞ «ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ከአፍሽ ዓሣ ዘሎ እንዳይወጣ» ትለኛለች። ክፉ ልጅ አይደለችም።

አንድ ያልለመድኩት ነገር ስለ ምግብ ነው። እዚህ ስትበዪ አጠገብሽ ለሚያልፍ ሰው «እንብላ» አይባልም። በመጀመሪያው ሳምንት በምሳ ሰዓት ለአንዷ ብላት ሳህኔን አየችና «ምን ልትሸጪልኝ ነው?» አለችኝ። አሁን እንደ እነሱ ወደ ግድግዳ ዞሬ እበላለሁ። ፈጥኖ ያልቃል።

ስለ ሮዌና የጻፍኩት ቁም ነገር ነው። ትምጣ። ቤቱን ነግሬሻለሁ።
ኤደሊና

—

ካዋያን፣ አንቲኬ
ጃንዋሪ 24፣ 1993

ኢንዳይ፣

የአዲስ ዓመቱን ካርድ ለምን ሮዌና እንደጻፈችው በኋላ በላክሽው አጭር ወረቀት ጠይቀሻል። እጄ ቆሳስሎ ነው። ልብስ አጠባ ስለበዛብኝ ነው፤ ሳሙናው ጠንካራ ነው። የማን ልብስ እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ልብስ ልብስ ነው።

ናናይ ለገና ሳህንሽን አቅርባ ነበር። ሩዝ ጨምራበት፣ ዓሣውንም ለይታ አስቀመጠችልሽ። በኋላ ትንሹ በላው። ደስ ይበልሽ፣ አልተጣለም።

ሮዌና ከአስተማሪዋ ጋር ኢሎይሎ ከተማ ሄዳ ለማኒላው የመምህራን ኮሌጅ ተፈትናለች። የመንግሥት ስለሆነ ካለፈች ትምህርቱ በነጻ ነው። ከተመለሰች ጀምሮ አንድም ቃል አትተነፍስም፤ እንደ አንቺ ሆናለች። ዳዶ ግን በሌላ በኩል ያስባል። የኮፕራ፣ የደረቅ ኮኮናት ነጋዴው ሚስት ሴኞራ አጉስቲና ለወጥ ቤቷ ልጅ ትፈልጋለች። «እስከ ኤፕሪል መጨረሻ እጠብቃችኋለሁ» ብላለች። 

ያም ሆነ ይህ አንቺን አናስቸግርም። ጋበዝሽን፣ ጠገብን። ሁለተኛ ደግመሽ ማለትሽ ግን ልቤን ነክቶታል።
ፐርላ

—

ሳምፓሎክ፣ ማኒላ
ፌብሯሪ 21፣ 1993

ማናንግ፣

ፈተናውን ማለፏን ከሁለተኛው ደብዳቤሽ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለራሷ እጽፍላታለሁ።

ታመምሽ ወይ ላልሽው፣ አይደለም፣ አልታመምኩም። አጭር የምጽፍልሽ የሥራ ቦታ ልቀይር ስለሆነ ነው። ዛሬ አንድ ደንበኛ ልጇን ጫማ ስታስለካ የተቀመጠችበት ወንበር ባዶ ሲሆን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሌላ ወሬ የለኝም።

ሮዌና ትምጣ። ቦታ አለ።
ኤደሊና

—

ካዋያን፣ አንቲኬ
ማርች 28፣ 1993

ኢንዳይ ኤደሊና፣

እሺ።

እኛ ጋ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሰው ምሳ ላይ ደርሶ «እንብላ» ሲባል «በልቻለሁ» ይላል። ሲደገምለት «ጠግቤያለሁ» ይላል። ሦስተኛ ከተባለ ግን እጁን ይታጠባል። አንቺ ሦስት ጊዜ ትምጣ አልሽ። እኔ እንደ ወጉ ሁለቴ እምቢ አልኩ። አሁን እጃችንን ታጥበናል።

ትናንት ተመረቀች። ነጭ ቀሚሷ ያንቺ ነው፣ ከታች ለቀቅ አድርጌላታለሁ። የመርከቡን ቲኬት አስተማሪዋ ገዛችላት። ሜይ 15 ቅዳሜ ጠዋት ማኒላ ወደብ ትደርሳለች። ምዝገባው የጁን የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት ካልተገኘች ቦታው ለተከታይዋ ይሰጣል። ኮሌጁ ማደሪያ የለውም። የሚያስፈልጋት ማደሪያ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አንቺ ሰጠሽ።

ለሴኞራ አጉስቲና ልጄ ማኒላ ልትማር ነው ብዬ ነገርኳት። «የት ልታድር?» አለችኝ። «አክስቷ ቤት» አልኳት። ይህን ስናገር ፊቷን ብታዪው!

አሁን የጀልባዋን ልንገርሽ። በኦክቶበሩ ማዕበል ተሰብራለች። ያኔ አንቺ ሥራ በጀመርሽ በወሩ ይህን መጻፍ አልፈለግኩም። ዳዶ በሰው ጀልባ ላይ ይወጣል፣ እኔ ልብስ አጥባለሁ። ተቆጥተሽ እንዳትጽፊልኝ፤ አልፏል።

ለአሊንግ ቻሪንግ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሮዌና ሥራ አትንቅም በያቸው።
ፐርላ

—

ሳምፓሎክ፣ ማኒላ
ኤፕሪል 18፣ 1993

ማናንግ ፐርላ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስቀድ ሁለት ሳምንት አለፈ። አሁን ሳልቀደው እንድጨርስ ዋናውን መጀመሪያ እጽፋለሁ። ሮዌናን የማሳድርበት ቦታ የለኝም።

ስለ ቤቱ የጻፍኩልሽ ሁሉ እንዳልኩት ነው። ባለ ፎቅ ነው፣ ደረጃውም ሰፊ ነው። የእኔ ግን በሁለተኛው ፎቅ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ አራት ተደራራቢ አልጋዎች አሉ፤ ስምንት ሴቶች እናድራለን። የእኔ የላይኛው ነው። ጣሪያው ስለሚቀርብ ቀጥ ብዬ መቀመጥ አልችልም። ሻንጣዬ እግሬ ሥር ስለሚያድር እግሬን አልዘረጋም። የማንጎው ዛፍ የጎረቤት ነው።

በሩ ላይ በምስማር የተመታ ማስታወቂያ አለ። «ለአንድ አልጋ አንድ ሰው። እንግዳ አያድርም።» አሊንግ ቻሪንግ ክፉ አይደሉም፣ ሕጋቸውን ግን አይለውጡም። በማርች ወር አንዲት ከቢኮል አገር የመጣች ልጅ እህቷን ደብቃ አሳደረች። በማግስቱ ሁለቱም ከነሻንጣቸው ደረጃው ላይ ነበሩ። ማንም ምንም አላለም፤ እኔም አላልኩም። ሰው እዚህ ሰውን አይናገርም። ከበታቼ የምትተኛው ቪልማ ልብስ ፋብሪካ ሌሊት ትሠራለች፤ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። ከመጣሁ ጀምሮ የተነጋገርነው «መብራት መጣ?» የሚለውን ብቻ ነው።

ሥራዬንም አልቀየርኩም፤ ውሌ አለቀ። መደብሮቹ ቋሚ ላለማድረግ በአምስተኛው ወር ያሰናብታሉ። አሁን ሌላ መደብር ውስጥ የላስቲክ ሳፋ እሸጣለሁ። እዚያም እቆማለሁ።

ለምን ሦስት ጊዜ ትምጣ እንዳልኩ ትጠይቂኛለሽ። የሚባለው እሱ ስለሆነ ነው። ሰው ባዶ ሳህን ይዞም ቢሆን እንብላ ይላል። አንቺ እምቢ እንደምትዪ አምኜ ነበር የምጽፈው። ሦስተኛውን ስጽፍ መቁጠሬንም ረስቼ ነበር፤ በጣም ደክሞኝ ነበር። ጀልባዋ መሰበሯን ባውቅ ኖሮ ወይ ዝም እል ነበር ወይ ከመጀመሪያው እውነቱን እጽፍ ነበር፤ የትኛውን እንደሆነ አላውቅም።

አትላኪያት ልልሽ ነው የተቀመጥኩት። ግን ያ ወጥ ቤት ይታየኛል፣ ገበያ ላይ «እመቤትሽ ስንት ኪሎ አለችሽ» ያለችኝ ሴትም ትታወሰኛለች፤ ስለዚህ እጄ እንቢ አለኝ። ከላክሻት ግን ወዴት እንደምትልኪያት አውቀሽ ላኪ። ወደቡ ላይ እቆማለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።
ኤደሊና

—

ካዋያን፣ አንቲኬ
ሜይ 12፣ 1993
(በሮዌና በኩል የተላከ)

ኢንዳይ፣

ይህ ከደረሰሽ ልጅቷም ደርሳለች ማለት ነው፤ ስለዚህ ክርክር የለም።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለዳዶ። ለናናይ አላነበብኩላትም፤ እሷ ፎቋን ይዛ ትቀመጥ። መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ አሁንም ንዴቴ አልበረደም። ሰፊ ቤት ማን ጠየቀሽ? አንቺ፣ እኔ፣ ናናይና ሟቹ አባታችን በአንድ ምንጣፍ ላይ ስንተኛ ሜትር የያዘ ሰው ነበር? ሆዴን በእግርሽ እየረገጥሽ ነው ያደግሽው። እግሬን አልዘረጋም ትዪኛለሽ! መዘርጋት የጀመርሽው እኔ ካገባሁ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ የእኔን ስሚ። ሦስተኛው ግብዣሽ ከልብሽ እንዳልነበረ አውቄ ነበር። ከልቡ የሚጋብዝ ሰው ስለሚያቀርበው ያወራል፤ አንቺ ያወራሽኝ ስለ ባዶ ወንበር ነው። ደብዳቤውን ይዤ ባሕሩ ዳር ሄድኩና ብዙ ቆየሁ። ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ ብል አንቺ ትገላገያለሽ፣ ልጄ ግን የሴኞራዋ ወጥ ቤት ትገባለች። ስለዚህ ያልገባኝ መስዬ እሺ አልኩ። ብትፈልጊ ተቀየሚኝ። ሦስተኛ ግን ሦስተኛ ነው።

ሮዌና ሁሉንም ታውቃለች፤ ደብዳቤሽን ራሷ አንብባዋለች። «መሬት ላይ እተኛለሁ» አለችኝ። «መሬትስ ቢጠፋ?» አልኳት። «እማዬ፣ መሬት ከሌለ ማኒላ ምን ላይ ነው የቆመችው?» ብላኝ አረፈች። እንግዲህ ምላሷን ቻይው።

ኢቦስ አሲዣታለሁ፤ በኮኮናት ቅጠል ጠቅልዬ የቀቀልኩት ሩዝ ሲቆይ ይሻግታልና ቶሎ ብሉት። ጥቁሩ ስኳር ለብቻው ታስሯል። ማሰሪያውን መልሺልኝ።

የምታድሩበት ከጠፋ ሁለታችሁም ኑ። ከዚያ በፊት ግን ሞክሩ።
ፐርላ

—

ሳምፓሎክ፣ ማኒላ
ሜይ 16፣ 1993

ማናንግ ፐርላ፣

ደርሳለች። አልተቀየምኩሽም፣ አትጨነቂ። ደብዳቤሽን ወደቡ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ሮዌና ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ፊቴን ስታይ ነበር። ስጨርስ «ሳቅሽ ወይስ አለቀስሽ?» አለችኝ። ሁለቱንም አልኳት።

ቀኑን ሙሉ ማደሪያ ስንፈልግ ዋልን። የሴቶች ማደሪያ ሁሉ ሞልቷል፤ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ነው። የማውቃት አንዲት ሴት ቤትም ሄደን ነበር፤ ያቺ ጊና ናት። እናቷ በሩን ከፍታ አየችን፤ ከዚያ ጊና የለችም አለችን። ጊና ከውስጥ ስትዘፍን ይሰማ ነበር። ወደ አመሻሹ ላይ ሮዌና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ መያዝ ጀመረች። ሌላ ማሰቢያ ስላልነበረኝ ወደ ክፍሌ ይዣት ወጣሁ። አሊንግ ቻሪንግ ጸሎት ላይ ነበሩ። ቢያንስ ውኃ ጠጥታ ትረፍ፣ ከዚያ ወደ መርከብ ጣቢያው ወንበር እንመለሳለን ብዬ ነበር።

ሴቶቹ ሁሉ ነበሩ። እያንዳንዷ አልጋዋ ላይ ሆና ወደ ግድግዳዋ ዞራ የየራሷን ትበላለች። ማንም ቀና አላለም። ከተደበቀች እህት ጋር መታየት ማንም አይፈልግም። ሮዌና መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። መሬት አለ፤ በአልጋዎቹ መካከል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ አለ። ያንቺን ማሰሪያ ፈታች፣ ቅጠሉን ዘረጋች፣ ስኳሩን ከፈተች። ከዚያ ልክ ቶናይ በር ላይ እንዳለፈች ሁሉ፣ ጮክ ብላ፣ በኛው ለዛ፣ «እንብላ!» አለች።

ልይዛት እጄን ዘርግቼ ነበር። የሚሳለቁባት መሰለኝ።  ከበታቼ ያለችው ቪልማ ለሥራ ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። ማበጠሪያዋን አስቀመጠችና «ኢቦስ ነው?» አለች። ከእኛ ባሕር ማዶ ያለች ደሴት ልጅ ናት፣ ለካ። ወርዳ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በተባረረችው ምትክ የገባችው ሌላ የቢኮል ልጅ ወረደች፣ እኛ ጋ ስሙ ሌላ ነው አለች። ከዚያ ሌሎቹም። ማናንግ፣ ሰባት ሴቶች በዚያች ቦታ እንዴት እንደተቀመጡ አላውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ስማቸውን የማላውቃቸውን ትናንት አወቅኩ።

ጫጫታው አሊንግ ቻሪንግን አመጣቸው። በሩ ላይ ቆመው «ይቺ ማን ናት?» አሉ።  ሮዌና ብድግ ብላ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፈችና «እንብላ፣ አሊንግ» አለቻቸው። እሳቸው ቅጠሉን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። አንድ ወሰዱ። ቆመው በሉት። ጣታቸውን በመሐረብ ከጠረጉ በኋላ «ሕጉን ታውቁታላችሁ» አሉ። «ለአንድ አልጋ አንድ ሰው።»

ያኔ ቪልማ፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ፣ «እኔ እኮ ማታ ማታ የለሁም» አለች። «ስገባ ትነሳለች። አንድ አልጋ፣ አንድ ሰው።»

አሊንግ ቻሪንግ ማስታወቂያውን ዞር ብለው አነበቡት፤ ራሳቸው እንዳልጻፉት ሁሉ። ከዚያ «የውኃውን ግን ትከፍላለች» ብለው ወረዱ።

ስለዚህ ሮዌና ከበታቼ ተኝታለች። ዛሬ ማለዳ ቪልማ ስትገባ ተነስታ አልጋውን አነጠፈችላት፤ «ሞቆ ቆየኝ» አለቻት ቪልማ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ይሁን አይሁን አላውቅም። ፈቃድ አግኝቼ ለምዝገባው እወስዳታለሁ። እግሬ እንደ ወትሮው ነው። ነገም እቆማለሁ።

ሦስት ጊዜ ግን አላስፈለጋትም፣ ማናንግ። አንዴ ነው ያለችው፤ ወዲያው ወረዱ። ማሰሪያሽን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ኢቦሱ ጣፋጭ ነበር አሉ። እኔ አልደረሰኝም። ሮዌና ስታቀርብልኝ እንደ ወጉ «በልቻለሁ» አልኳት፣ ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ሳለሁ አለቀ።

ታናሽሽ ኤደሊና